የሩዳ ድርሻ

አርባ ዓመት ሙሉ መድኃኒት መዝኜ፣
ለቅንጣት ሳልሳሳት፣ ሚዛኔን አምኜ፣
ዛሬ በጡረታ፣ በግዳንስክ ብርድ፣
የዶሮ አንገት ይዤ ተቀመጥኩ ለፍርድ።

ሩዳ የኖረችው በከረጢት እንክብል፣
ቆዳዋን ስታክክ፣ ጸጉሯ ሲነቃቀል።
ሐኪሟ፣ «ጥሬ ሥጋ በቀስታ ጀምሪ፣
ከክብደቷ ከአርባ አንዱን እጅ ቁጠሪ፤
የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ፍሪ።»

ሩዳ ሃያ ኪሎ፤ ድርሻዋ አምስት መቶ
(ግራም ማለቴ ነው)፣
ልብ፣ ጨጓራ፣ ጉበት በየፊናው ገብቶ።

የመጀመሪያው ቀን አሽትታ ዞር አለች፤
«አልበሰለም እኮ» ያለችኝ መሰለች።
በሦስተኛው ዋጠች፣ ሳታኝክ፣ ሳትተነፍስ፣
አፌን ይዤ ቆምኩኝ እስክትጨርስ ድረስ።

ወሩን በደብተሬ ግራም እየጻፍኩኝ፣
አንዲት ሳላጎድል፣ ሳልጨምር ኮራሁኝ።

ባለ ሉካንዳው ክሳቬሪ
በደም በራሰ ሽርጡ ከሱቁ ወጣና፣
ጎንበስ ብሎ ጎኗን ዳሰሰና፣
«ቦጉሚላ» አለኝ፣ «ሚዛንሽስ ደህና፤
ውሻሽ ግን ከስታለች።
ባልቲክ ዳር ስትሮጥ፣ ማዕበል ስታባርር፣
ሚዛንሽ የት ነበር?
ጎድን ሲዳሰስ ነው የሚገኝ፣ ሲታይ አይደለም።
እጅሽን ስጪኝ።»

መዳፌን ወስዶ ከጎኗ አኖረው፤
ጣቴ ሳይጫናት ጎድኗን ቆጠረው፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
እንደ ደብተር መስመር፣ ምንም ያልተጻፈበት።

ማታ፣
ሩዳ ጅራቷን ወለሉ ላይ ስትመታ፣
ሚዛኔን አስገባሁ ከማንኪያው መያዣ፣
አንድ የዶሮ ጀርባ ጨመርኩ፣ ያለ ማዘዣ።