ስምንተኛው ቀን፣ አፉላ

የምራቴ አገር ጎልዌይ ነው ቢሉኝ፣
ገሊላ መስሎኝ፣
«ቅርብ ናት በሉኛ፣ ከተራራው ማዶ!» አልኩ ደስ ብሎኝ።
ልጄ ኤላድ ሳቀ፤ ካርታውን ዘረጋ፤
ዝናብ የማያባራት፣ ከምድር ዳር ያለች፣ ከውቅያኖስ ጋ።

ስሟ ኒቭ ነው፤ ብርሃን ማለት ነው አሉ፣ በናቷ አንደበት፤
እዚህ ግን ወንድም ይጠራበታልና፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት
«ለአቶ ኒቭ» የሚል ደብዳቤ ላከላት፤
ያን ቀን ወደድኳት።

እኔም በዚያው ብዕር ሌላ ሰው ሆኛለሁ፤
ይርሳው ተሳፍሬ፣ ያኢር ተብዬ ወርጃለሁ፣
ግንባሬ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ገና ሳይደርቅ ሙጫው።
እናቴ ናት ይርሳው ያለችኝ፣
ከኔ በፊት የሞተውን ወንድሜን ልቧ እንዲረሳው።
አልረሳውም።

ሕፃኑ ከተወለደ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ፤
ስሙ ግን ገና ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው፣
በማግኔት የተያዘ ዝርዝር።
ኒቭ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤
እኔ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቅሁ እሰማለሁ።

«ኦሺን» አለች፤ «የአጋዘን ግልገል።»
ያምራል። ግን በዚህ አውራ ጎዳና፣ በዚህ ሁሉ መኪና፣ ግልገል ምን ይውላል?
«ሮናን» አለች፤ የባሕር አውሬ ልጅ ነው፤ በስልኳ አሳየችኝ፦
እግሩን የት እንደጣለ የረሳ ውሻ፣ ጢማም፣ የራሰ፤
«ይሄስ ይቅር» አልኳት፤ ሳቄ ሻዬን አፈሰሰ።
«ሎርካን፣ ትንሹ ቁጡ።» ኤላድ ራሱን ነቀነቀ፤
«አምስት ሌሊት አልተኛሁም፤ ቁጣስ መች አለቀ?»
«ታይግ፣ ባለቅኔ።» እሱን ዝም ብዬ አሳለፍኩት፤
ባለቅኔ የቤት ኪራይ በጊዜው ሲከፍል አላየሁት።

ከዚያ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።
ፊቷ ቀላ። ማቀዝቀዣው ብቻ አጉረመረመ።
«ኪራን» አለች በቀስታ፤ «ትንሹ ጥቁር ማለት ነው፤
እኛ ዘንድ ለጠጉር ነው የሚባለው፤
የአያቴ ስም ነው።»

ኤላድ ወደ መስኮቱ ዞረ። ገባኝ።
አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ የጭፈራ ቤት ደጅ፣ ዘበኛው ከፊቱ፣
ያንኑ ቃል፣ በሌላ ቋንቋ፣ እንደ ምራቅ ተፋበት።
የለበሰውን ሸሚዝ የተኮስኩለት እኔ ነበርኩ፤
በጊዜ ተመለሰ፤
ሸሚዙ አንዲት መስመር አልተጨማደደም።

እናቴ ግን ታናሽ ወንድሟን «ጥቁሬ» ነበር የምትለው፤
«ጥቁሬ ብላ፣ ጥቁሬ ተኛ፣ ጥቁሬ በሩን ዝጋው።»
ቃሉ ያው ነበር። አፉ ሌላ ነበር።

«አያትሽ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳት።
«ጀልባ። ከጥፍራቸው ሥር ቅጥራን አይጠፋም፤
አጥበን ስንገንዛቸውም አልለቀቀም።»
«እንግዲያ ይሁን» አልኩ፤
የሱፍ ገለባዬን ከጠረጴዛው ላይ ጠረግሁ።

ስምንተኛው ቀን መጣ፤ አዳራሹ እንደ ምጣድ ጋለ፤
ገራዡ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፤
ዮድ ትንሽ ፊደል ናት፤ የላብ ጠብታ መሰለችው፣
ዘለላት፤
«ስሙም በእስራኤል ይጠራ፤ ቀረን!» አለ።

ሰው ሳቀ። ለነሱ ቀንድ ነው፣ ጨረር ነው፣ የሴት ስምም ነው፤
ኒቭ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ «እናት ወንድ፣ ልጅ ሴት፣ ዕጣችን ነው!»
ኤላድ ሊያርም ተነሣ።
እጁን ያዝኩት፤
ጆሮዬ በራሱ ቋንቋ ሰምቶ ነበርና።

ወንድሜ፣ ስሙን ማንም የማይነግረኝ፤
ጥቁሬ፣ ሱዳን መንገድ ላይ ያስቀመጥነው፤
ባለጀልባው፣ በማላውቀው አፈር፤
ይርሳው ራሱ፣ በአንዲት ጸሐፊ ችኮላ የተሰረዘው።
ከዚያ ሁሉ፣ ይኸው፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣
ወይን በነካ ጨርቅ አፉን ይዘው የሚያባብሉት፣
ቀረን።

ኋላ ታረመ። ኪራን ተባለ፤ እሰየው።
መታወቂያው ላይ ምን እንደሚጽፉ ደግሞ እናያለን።