የጉድጓድ ድንብላል

በሰላላ ጋራ፥ ሰኔ ሲገባደድ፥
ጉም ከባሕር ተነሥቶ በገደል ሲሰደድ፥
ዘጠኝ ወር የከሳው ድንጋይ ሥጋ ያወጣል፤
አቧራ የለበሰው አረንጓዴ ይለብሳል።
ምንጩን “ዓይን” ይሉታል። ቃሉ አልከበደኝም፤
ዓይን በእኔም አገር ዓይን ነው፥ ማንባት አይሰለቸውም።

የማገለግላት ማማ ጡፉል፥ አሮጊት፥
ሠላሳ ዓመት ያስተማረች የዕፅዋት ትምህርት፥
ዛሬ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የቀራት።
በእኔ ዓይን ታያለች፥ በእኔ ጣት ትነካለች፤
“ሂጂ፥ ከዓይኑ አፍ ያለውን ንገሪኝ” ትለኛለች።

“ፊቱን አትመኚ” አለችኝ መጀመሪያ፥
“ፊት ሁሉ አረንጓዴ ነው በኸሪፍ ገበያ።
ገልብጪው። ፈርን የሚታወቅ በጀርባው ነው፤
አበባ የለው፥ ፍሬ የለው፥ ዘሩም ትቢያ ነው።”

ገለበጥኩ።

ከዐለቱ ስንጥቅ ላይ የተንጠለጠለው፥
ዘንጉ ቅቤ እንደ ጠጣ ፀጉር የጠቆረው፥
ቅጠሉ እንደ ሕፃን ማራገቢያ የሆነው፥
ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፏል፥ እንደ ቀሚስ ዘርፍ፤
ከእጥፋቱ ሥር ነው ቡናማው የዘር ሰልፍ።
ውኃ ባፈስበት ኳስ ሆኖ ይንከባለላል፤
ከዓይኑ ሥር እየኖረ ሳይረጥብ ይውላል።

“እሱ ነው!” አለች። “የጉድጓድ ድንብላል እንለዋለን።”
ድንብላል ስትል የሽሮ ቅመም ታወሰኝ፤ አሸተትኩት።
የቀዘቀዘ ሳንቲም ይሸታል።

ሌላው ደግሞ ከቦዩ ዳር የተኮለኮለው፥
እንደ ጎራዴ ረዝሞ በሁለት ወገን ጥርስ ያለው፥
ጀርባው ላይ ኩላሊት የሚያካክል ሳይሆን፥ ኩላሊት የሚመስል
ነጥብ በነጥብ፥ እንደ ቁልፍ ተደርድሯል።
በአፈር ላይ ክር ይልካል፤ ክሩ ሥር ይሰድዳል፤
ሥሩ ሌላ ጎራዴ ሆኖ ይነሣል።
ከአንድ ሆቴል በረንዳ፥ ሠርግ ሲያልቅ የተጣለ፥
ከተሰበረ ማሰሮ አምልጦ የበቀለ።
“ንቀይው” አለች ማማ፤ “ዓይኑን ያፍነዋል፤
ዛሬ አንድ ክር ብትተዪ ነገ ቦዩን ይወርሳል።”

አውቀዋለሁ ይህን ጠባይ። በቆቦ ሜዳ፥
ከእርዳታ ስንዴ ጋር መጣብን አንድ እንግዳ፤
ቅንጨ አረም አልነው፥ ቅንጨ ስለ መሰለ፤
ስንዴው ሲያልቅ እሱ ግን እስከ ዛሬም አለ።
ላማችን ቀመሰችው፥ ወተቷ መረረ፤
የነቀለው የአባቴ እጅ ሲያሳክከው አደረ።
እዚህም ከአጥሩ ሥር ትናንት አየሁት ቆሞ፥
ነጭ አበባውን ይዞ፥ እኔን ቀድሞ።
እንዴት መጣህ አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝ።
ጓንት አጥልቄ ነቀልኩት።

ሦስት ቀን ጎራዴውን ሳወጣ ሰነበትኩ፤
በአራተኛው ጭቃ እጄን ሳልታጠብ ጠየቅኩ፦
“ባለ ፀጉሩንስ ማን አመጣው?” “ነፋስ።” “መቼ?”
“ከአባቶቼ በፊት። እሱም መጤ ነው፥ ልጄ።
ይሄ ከዓይኑ ይጠጣል፤ ያኛው ዓይኑን ይጠጣል።”

አማረ አባባሏ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልረካሁም፤
የሆቴሉ ቱቦም ዓይኑን ይጠጣል፥
እሱን ንቀይ ያለኝ የለም።

ማታ፥ አንዲት ቅጠል በጀርባዋ አስተኛኋት፤
ነጭ ወረቀት ባጣ ከውሌ ላይ አኖርኳት፤
ልጇ ሙሰለም ያመጣው፥ ለሁለት ዓመት የሚታደስ፥
እስክፈርም የሚጠብቅ፥ አርብ ሳይደርስ የሚመለስ።

ጧት ሳነሣት፥ በቦታዋ መልኳ ቀርቷል፤
ቡናማው ትቢያ እጥፋት በእጥፋት ራሱን ጽፏል፥
ከስሜ ዝቅ ብሎ፥ “ፊርማ” በሚለው መስመር ላይ።

እፍ ብል ይበናል፤
ገሚሱ ወደ ዓይኑ፥ ገሚሱ ወደ ባሕሩ።
ማማ ጡፉል ከመኝታዋ፦ “ምን ይታይሻል?” አለች።
ጉሙ በመስኮት ገባ።
ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።