ማነው?

ሃያ ሦስት ዓመት በር መታሁ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ደጅ ደጁን አየሁ፣
ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ፣ ቆርቆሮ አንኳኳሁ፣ ብረት አንኳኳሁ፤
አንዳንዱ ቤት ውሻ ይቀድማል፣ አንዳንዱ ቤት ሕፃን ሮጦ፣
«ማነው?» ይላል ከጓዳ ድምፅ፣ ግማሹ በራዲዮ ተውጦ።
«ቆጣሪ!» እላለሁ።
«ቆጣሪ መጣ!» ይባላል፤ በሩ ይከፈታል፤ እገባለሁ።

ቆጣሪው ግድግዳው ላይ ነው።
እኔ ሰውየው ነኝ።
ግን ማን ለየን? እኔስ መቼ ለየሁ?

ስሜን የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር፣ ደመወዝ ከፋዩ፤
ሸረፋን «ሸሪፍ» ሲለው ኖረ፤
አላረምኩትም፤ ምን ጎደለብኝ? ብሩ ልክ ነበረ።

ሰውንም እንደዚያው በቁጥር ያዝኩት፤
ሰባ ሁለት ብየዳ ቤት ነው፣ መዘውሩ ሲሮጥ ዓይን ያዞራል፤
መቶ አሥር ለተማሪ ያከራያል፣ በፈተና ሰሞን እስኪነጋ ይበራል፤
አራት መቶ ዘጠኝ መበለት ናት፣ ባንድ አምፖል ክረምት የምትገፋ።
አንድ ሐምሌ ቁጥሯ አልሄደም።
ቆሜ አየሁት። በጣቴ መታ መታ አደረግሁት።
«ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩ።
በነሐሴ ስመለስ ደጃፉ ላይ ድንኳን ነበር፤
በለቀስተኛው መሐል አልፌ፣ አንብቤ፣ ወጣሁ።

ማታ ዘይቱና ስታወራኝ፣
ዓይኔ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ምን እንደሚፈልግ
ታውቃለች፤ ዝም ትላለች።

ከዚያ ካርዱ ገባ።
አንባቢ ቀረ፤ ሕዝቡ ራሱ ሞልቶ ራሱ ያብራ ተባለ፤
ወረቀት ሰጡኝ፣ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ፣
«እስክንጠራህ ቤትህ ቆይ» የሚል።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰማያዊ ካፖርቴን ለብሼ ተነሣሁ።
«ወዴት?» አለች ዘይቱና። እግሬ እንጂ እኔ አላውቅም።
ዝናብ ነው፤ የጅማ ዝናብ፣ ጀመረ እንጂ አባራ የማይባል፤
አዌቱ ደፍርሶ ከድልድዩ ሥር ይጮኻል፤
በሩ ሁሉ ዝግ ነው፣ የማንኳኳበት ሰበብ የለኝም፤
ዞሬ ዞሬ፣ አጥሩ ካጥሬ የተሳሰረው የአባ ቢያ ደጅ ቆምኩ።
መታሁት።

«ማነው?»

አፌ ተከፈተ፤ የለመደው ቃል ጥርሴ ጋ ደርሶ ተመለሰ።
ውሃው በአንገቴ ገብቶ ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ።
«እኔ ነኝ» አልኩ።
«እኔ ማን?»

እኔ ማን!
ሃያ ሦስት ዓመት ያልተነበበ ቁጥር ማን ያስታውሰዋል?
«ሸረፋ» አልኩ በመጨረሻ። ስሜ ምላሴ ላይ ዝገት ዝገት አለኝ።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው መጋዝ ይዟል፣ ሰጋቱራ ቅንድቡ ላይ፤
«ያንተ ቁጥር ዛሬ ገና ዞረ?» አለና ሳቀ።
በርጩማ ይሠራል፣ ከአንድ ግንድ፣ ሦስት እግር።
«በዚያ በኩል ያዝልኝ፤ ልቀጥርህ አይደለም፣ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው።»
ያዝኩ። እስከ ዙህር ምንም አልቆጠርኩም።
አዛን ሲሰማ መጋዙን ሚስማር ላይ ሰቀለ፤
«እሱን እሰቅለዋለሁ» አለ እጁን እያራገፈ፣ «አብሬው ግን አልሰቀልም።»

አሁን ጠርተውኛል፤ መስኮት ውስጥ ካርድ እሞላለሁ።
ሥራ ነው፣ አልንቀውም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል፤
ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ባጁን ከአንገቴ አውልቄ
መሳቢያ ውስጥ እተወዋለሁ፤ ይደር እዚያው።

ቤቴ ስደርስ ቁልፍ አለኝ፤ ሆን ብዬ አንኳኳለሁ።
«ማነው?» ትላለች ዘይቱና፤
አንድ ቀን «ጭቃ የረገጠ» እላታለሁ፣ አንድ ቀን «የራበው»፣
አንድ ቀን ምንም ሳልል ቆሜ ትንፋሿን ከበሩ ወዲያ ሰማሁ።

ባለፈው ጁምዓ ደግሞ፣ ከሶላት መልስ፣ ያንን ቤት አንኳኳሁ፤ አራት መቶ ዘጠኝን።
አዲስ ተከራይ ናት፤ «አሁን እኮ ካርድ ነው» አለችኝ ሳልናገር።
«ለሱ አይደለም» አልኩ፤ «እዚህ የነበሩት እናት ማን ይባሉ ነበር?»
ልጅቷ አላወቀችም። ባለቤቷ ከጓሮ ተጠርታ መጣች፤
«አስካለ» አለችኝ፣ «አስካለ ወልደየስ። ለምን ጠየቅህ?»
ኪሴ ውስጥ እስክሪብቶ ነበር። አልጻፍኩትም።
እስከ አዌቱ ድልድይ በአፌ ይዤው ሄድኩ።