ሦስት ጊዜ ብልጭ

በፈሐሂል ሰማይ መብራት ታየ አሉ፤
ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ሰባቱም ይምላሉ።
ዓሣ ሻጩ ሀሺም "ብርቱካን ነው" ይላል፣
ጋራዥ የሚያድረው "ነጭ ነው" ብሎ ይሞግታል፤
"ይሮጥ ነበር" ያለ አለ፣ "ቆሞ ነው" ያለ አለ፣
አንዱማ "ጠራኝ" ይላል፣ በፂሙ እየማለ።
እመቤቴ ኡሙ ፈይሰል፣ "ጂን ነው" ብላ ፈርታ፣
በየመስኮቱ ሥር ጨው አስበተነችኝ ማታ፤
ጠዋት ያንኑ ጨው አስጠረገችኝ ጠርታ።

ፖሊሱ ሲመጣ ወደ እኔ ጠቆሙ፦
"ይቺ ጣሪያ ላይ ናት ሌሊት፣ ሰዎች ሲያልሙ፤
ልብስ ስታሰጣ ሰማይ ታያለች።"
(ከመቼ ወዲህ ነው ሠራተኛ ምስክር የሆነች?)

"አብራሪ" አለኝ።
በአረብኛ ነው ያለው፣ በአማርኛ ሰማሁት፤
አብራሪ የለውም የተባለን መብራት
እኔ ላብራራለት።

ጀመርኩ።
"ብርቱካኑ፣ ጌታዬ፣ የነዳጁ እሳት ነው፤
ትርፉን ጋዝ ሲያነዱት፣ አቧራ ባለ ቀን፣ ደመና ሥር የሚያዝ ነው።
ተሰልፎ የሚያልፈው ሳተላይት ነው፣ ሰው የላከው፤
የቤቱ ልጅ ዩሱፍ በስልኩ ያሳየኛል፣
እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በክር ተሰክቶ ይሄዳል፣
የሚመጣበት ደቂቃ ሳይቀር ይታወቃል።
ከባሕሩ በላይ ተንሳፍፎ የቆመው፣ ሁሉን ያስፈራው፣
መርከብ ነው፤ ወረፋ ጠባቂ፣ ነዳጅ የጠማው።
ውኃው ሲቀዘቅዝ፣ ሙቅ አየር ከላዩ ሲነጠፍ፣
መብራቱን ከመርከቡ ለይቶ ያነሣዋል ከፍ፣
እኔ ትሪ እንደማነሣ፣ ጠብታ ሳይረግፍ።"

ጻፈ። ብዕሩን ከቀኝ ወደ ግራ ነዳው።
ገጹ ሲያልቅ ቀና አለ፣ አንድ ነገር ቀረው፦
"ከኋላ ካለው ሮቶ በላይ፣ በሦስት ሌሊት አንዴ፣
ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፤ ከዚያ ጨለማ።
አምስት ሰው አይቶታል። ይሄስ?"

"እሱን አላወቅሁም።"

አውቃለሁ።
ረቢያ ናት። ከኋላችን ባለ አራት ፎቁ ላይ፣
ከውኃው ሮቶ ጎን ቆርቆሮ ክፍል አላት።
አንድ ቀን ብቻ ነው የተያየነው፣ ቆሻሻ ልንጥል ወጥተን።
"የየት ነሽ?"
"የከሚሴ።"
"ስልክሽስ?"
"ወሰዱብኝ።"
በርሜሉን ከፍተን እስክንዘጋ ተስማማን።
ባትሪ ነበራት፣ አውራ ጣት የምታህል፤
በሦስት ሌሊት አንዴ ወደ እኔ ታበራለች፣
አንዴ፣ አ፤
አንዴ፣ ለ፤
አንዴ፣ ሁ።
እኔም መስማቴን እንድታውቅ ነጭ አንሶላ አሰጣለሁ፣
የታጠበውን ደግሜ አጥቤ።
(ማዳም "ይቺ ልጅ ንጽሕና ታበዛለች" ትላለች።)

ፖሊሱ በሄደ በሳምንቱ ቆመ፣
ረመዳን ሊገባ ሲል።
አራተኛ ሌሊት። አምስተኛ። ዘጠነኛ።
ቲኬት ይሆን? ሌላ ቤት? ኤጀንሲው መለሳት?
ሰባቱ ምስክሮች ረሱት፤
የታየ እንጂ የጠፋ መብራት ማን ያመለክታል?
የፖሊሱ ወረቀት ግን "ተብራርቷል" ይላል፣
ማኅተም አለበት።

ትናንት የዩሱፍን መጫወቻ ባትሪ ከሳጥኑ አወጣሁ።
ነፋስ የለም። ገመዱ ላይ ካልሲ ብቻ።
እጄን ከግንቡ በላይ ዘርግቼ፣
ቀስ ብዬ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፦
አ። ለ። ሁ።

ከመንጋፍ በኩል፣ ከጣሪያዎቹ ማዶ፣
አንድ ነገር ብልጭ አለ።
እሳቱ ይሆናል።
መርከብም ይሆናል።
ሁለተኛውን እስኪነጋ ጠበቅሁ።

ጠዋት ዓሣ ልገዛ ስወርድ ሀሺም ለሰዉ ይምላል፦
"ተመልሷል! ቦታ ብቻ ቀይሯል።"
ቀለሙን ጠየቁት፤ "ነጭ" አለ በዚህኛው።
ሁለት ኪሎ ዙበይዲ አስመዘንኩ፤
ምንም አላብራራሁም።