ዜሮና ባዶ

ሥራዬ መቁጠር ነው።
ነጭ ጭልፋ፣ ነጭ ሳህን፣ በላብ የሚንሸራተት ስልክ፤
ከገንደ ቆሬ ተነስቼ ደቻቱን በደረቁ ተሻግሬ
በርሜል እከፍታለሁ።
የወባዋ እጭ ውሃው ገጽ ላይ ጋደም ትላለች፣ እንደ ሰረዝ፤
ሌላዋ ቁልቁል ትንጠለጠላለች፤
ጥላዬ ሲያርፍባቸው ሁሉም ወደ ታች ይሸሻሉ።
ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ።
አሥራ ሁለት። አርባ። ሰባት።

የሚልኩኝ ሦስት ናቸው።
ዶክተር ኢፍራህ ደሙን ትፈልጋለች፣
ኢንጂነር ሽመክት ቧንቧውን፦
«ውሃ በየቀኑ ቢመጣ ማን በርሜል ይገዛ ነበር?» ይላል፤
ከሳቢያን ተቆርጦ የመጣ ቧንቧ ጠረጴዛው ላይ አለ፣
ነጭ ድንጋይ ውስጡን ሞልቶት እርሳስ እንኳ አያሳልፍም።
አብዲሰመድ የኮምፒውተሩ ልጅ ነው፤
ቁጥሬን ያጎርሰዋል፣ ማሽኑ ቀለም ይተፋል።

ግንቦት መጨረሻ ካርታው ግድግዳ ላይ በራ፤
ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሳል።
ድሬ በርበሬ የተሰጣባት መስላለች።
አንዲት ሰፈር ብቻ፣ ከሀዲዱ ጀርባ፣
አረንጓዴ! የዝናብ ማግስት ሣር የመሰለች።
«እዚህ ምን ተገኘ?» አለች ዶክተሯ ብድግ ብላ።
ኢንጂነሩ የመሬቱን ተዳፋት አነሳ፣
ልጁ የነፋሱን አቅጣጫ፤
ሁለት ገጽ ተጻፈ፣ በዚያች አረንጓዴ ላይ፣
ለአዲስ ጥናት የሚሆን ገንዘብም ተጠየቀ።
እኔ በሩ ሥር ነበርኩ።
ያንን ሰፈር አውቀዋለሁ፤
አልከፈቱልኝም።

አሥራ ዘጠኝ በር መታሁ፣ አሥራ ዘጠኙም ዝም፤
ስልኩ «ቁጥር አስገቢ» ይላል፣ ባዶ አይቀበልም።
ስምንት ሰዓት ነበር፤ ቆርቆሮው ይጮሃል፤
የባጃጁ ልጅ «አቦ፣ ነይ እንሂድ፣ ማን ይከፍትልሻል?»
ዜሮ ነካሁ።
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ዜሮ።

ዜሮ ማለት እኮ ፈልጎ ማጣት ነው፤
ባዶ ማለት ደግሞ ሳይገቡ መቅረት ነው።
ሁለቱ የተጋጩ ለት ማን ያስታርቃቸው?
በመሃል ልጅ አለ፣
አጎበር የሌለው።

ተናገርኩ። ድምፄ ከቬንትሌተሩ አይበልጥም ነበር።
ዶክተሯ ብዕሯን ከደነች።
ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
አብዲሰመድ ብቻ፣ ማያ ገጹን እያየ፣
«ለማናውቀው ነገር ቀለም አልሰጠሁትም» አለ፤
ሰፈሯን ግራጫ ቀባት።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከተማው ከእንቅልፉ ሲነሳ፣
የመጀመሪያውን በር መታሁ።
አደ መይሙና በስንጥቁ አየችኝ፦
«አምና የልጄን ልጅ ጣት ወጉት።
ሦስት ጠብታ። ውጤቱን እናመጣለን አሉ።
ጣቱ ዳነ፤
ወረቀቱ የታለ?»

ሄድኩ። መጋዘን ውስጥ ሦስት ቀን አቧራ አራገፍኩ።
ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ስም የሌለው ደም፣
ቁጥር ብቻ፣ ቁጥር፣ እንደኔው ዓይነት ሰው የጻፈው።
አራት መቶ አሥራ ሰባት፦ ከወባ ነፃ።
በእጄ ገለበጥኩት፣ ማኅተም አስመታሁ፣
በሯ ላይ ቆሜ በኦሮምኛ አነበብኩላት።

ወረቀቱን አጥፋ ሻሿ ውስጥ ቋጠረችው፤
ከዚያ ሰንሰለቱ ተንኳኳ።
ጓሮው ጥላ ነበር። በርሜሉ ሰማያዊ።
አርባ አንድ እጭ ነጭ ሳህኔ ላይ ተገለባበጠ፤
አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ።

«እሺ፤ ቆጠርሽ» አለች፣ ክዳኑን እየመለሰች፤
«ይሄንንስ መቼ ነው የምታመጪልኝ?»
ስልኩን ወደ ታች ጎተትኩ፣ ወደ ላይ ጎተትኩ፤
ይህን የሚጽፉበት ሣጥን የለውም።
ጠመኔ ከልጁ ተቀብዬ
በሯ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦
ሰኔ አሥራ ሰባት፣ ከስሜ ጋር።