ቀዳዳ የሌላት ቁልፍ

ቶሌዶ፣ ኦሃዮ፤ ቅዳሜ ማለዳ፣
የኦቲሊ ዕቃ ሣር ላይ ሲቸበቸብ በርካሽ ለእንግዳ፣
ከብስኩት ቆርቆሮ፣ ከአዝራሮች መሀል
አንዲት ቢጫ ቁልፍ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ታህል።

ቀዳዳ የላትም፤ ሸሚዝ አትዘጋ፤
የልጅ ልጇ ዌንዴል አርባ ዶላር ብሎ ቆርጦላታል ዋጋ።
ፊቷ «ድምፅ ለሴቶች» ይላል፣ ድምፅ ሳታሰማ።

ገለበጥኳት። መርፌው ላይ ሰማያዊ ክር፤
የኮት ገበር እንጂ የላይ ጨርቅ አልነበር።
ለካ ከውስጥ ኖሯል፣ ባሏ እንዳያይባት፣
ለገዛ ደረቷ ብቻ ያስነበበቻት።

በዚያ ዓመት ወንዶቹ ቆጠሩ፤ «አይሆንም» በለጠ፤
የኦቲሊ ኮት ግን አልተገለበጠ።

አርባውን ከፍዬ ከኪሴ ከተትኳት።
የመኪናዬን ቁልፍ በጣቴ ስፈልግ
ሌላዋን አገኘሁ።
ወጋችኝ።
ገና ስለት አላት።