የኪስ ልክ

ቀን የሰው አቤቱታ ስተይብ እውላለሁ፣
ማታ መዝጊያው ሲወርድ ለራሴ እቀራለሁ።
ሸዋ በር ላይ ነው ሱቁ። የጦሳ ጉም ወርዶ፣
የአስፋልቱን መብራት እንደ ሻሽ ጋርዶ፣
አላፊው ሰው ሁሉ ከወገቡ በታች ሲጠፋ፣
«ማመልከቻ» ብዬ የሰየምሁት ፋይል ይከፈታል በይፋ።

ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ነው። ተረት የሚመስል፣
ርዝመቱ ግን ባለ ሁለት ክፍል ቤታችንን የሚያህል።

ኑሪት ትባላለች። ጦሳ ሥር፣ ከዐለቱ ጓዳ፣
መንግሥት አለ፤ የንጉሡ ስም ዕዳ።
የሱ መልእክተኛ ደጁን በመታ ቁጥር፣
የልጅቷ አባት ቁመቱ በአንድ ጣት ሲያጥር፣
መጀመሪያ ቆቡ ዐይኑ ላይ ወረደ፣
ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ፣ ሄደ፤
ሲነጋ ከማንኪያ፣ ሲመሽ ከአውራ ጣት
አነሰ። ኪሷ ከተተችው ልጅቷ፣ እንዳይጠፋባት።

እስከዚህ ቤት መታልኝ።
ከዚህ ወዲያ ያለው የራሳችን ቤት ነው፣ አይመታም።

አባቴ ይማም ሰኞ ገበያ፣ ጨርቅ ተራ ጥግ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሲንጀር ዘወረ።
የታላቄን የመሬማን መንገድ የያዘው ደላላ
«ቀሪው እስከ ዓርብ» ሲል፣ መኪናው ሐሙስ ተሸጠ።
እሷ ጂዳ ገባች። ወር ሲያልቅ በስልክ ሳቋ ይመጣ ነበር፣
ኋላ ሳቁም ቀረ።
መኪናው በቆመበት ሲሚንቶ ላይ አራት ነጥብ አለ፣ የእግሮቹ።
አባቴ ዙሪያውን ይጠርጋል። እላዩን አይረግጥም።

አንዋር ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ የመጀመሪያ አንባቢዬ፣
ማመስገን የሚባል ያልፈጠረበት።
«ምዕራፍ አራት ውሸት ነው» አለኝ።
«የቱ? ፈረሱ?»
(መጽሐፌ ውስጥ ሲንጀሩ ጥቁር ፈረስ ነው፣ ጎኑ ላይ የወርቅ ፊደል ያለው።)
«ፈረሱማ እውነት ነው። እህቷ በንስር ተጭና ስትመለስ
ሁሉም ይስቃሉ ያልሽው እንጂ። ሰው እንዲያ አይመጣም።
ትምጣ፣ ግን ትተኛ። ሦስት ቀን አታውራ።
ሻንጣዋንም ማንም አይክፈት።»
ሳቁን ሰረዝሁት። ንስሩ አረፈ፣ እህትየዋ ወረደች፣ ተኛች።
«አባትየውስ እንዴት ነው የሚያድገው?» አለኝ ደግሞ።
እሱን እስካሁን አላውቅም።

ዝናብ በጣለበት ማታ ረቂቁን በፌስታል ጠቅልዬ ገባሁ፣
አልጋው ጫፍ ጥዬው እግሬን ልታጠብ ወጣሁ።
ስመለስ አባቴ መነጽሩን ሰክቶ፣
በጣቱ መስመሩን እየተከተለ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣
ኪሱ ጋ ደርሷል።
ምድር ብለምናት አልተከፈተችም።
«ተረት ነው» አልሁት። «የልጆች። ሰውየው አንተ አይደለህም።»
ዝም።
ገጹን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ።

«ኪሷ» አለ በመጨረሻ፣ «ገበር አለው?»
«ምን?»
«ገበር። ጨርቁን አልጻፍሽውም። አቡጄዲ ከሆነ በሳምንት ይበሳል፣
ስትሮጥ ይወድቅባታል ሰውየው።
ካኪ በይው። ጠርዙን ሁለቴ አጥፋ ሁለቴ ትስፋው።
አፉ ላይ ቁልፍ እንዳታስገቢ፣ ይታፈናል።»

ከትራሱ ሥር ሜትሩን አወጣ።
ሦስት ዓመት እዚያ እንደነበረ ማናችንም አናውቅም።
«ካውራ ጣት ያነሰ ነው ያልሽው?» የራሱን ጣት ለካ።
«ስድስት ሳንቲ ሜትር ከግማሽ። እንግዲያ ለኮቱ አንድ መሐረብ ይበቃል፣
ትራፊውን ለቆቡ። ብርድ ነው ጦሳ ሥር።
አብሽሪ፣ ጻፊው።»

እሱ ቆረጠ፣ እኔ ጻፍሁ፤ ትከሻ፣ ብብት፣ እጀታ፣
አንዋር ተነሥቶ በስልኩ መብራት ያዘልን፣
ባትሪው ሞቶ ሁሉም ድርግም ሲል ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርሁ።
«ቆይ» አለኝ ከጨለማው ውስጥ።
«አንገትጌው ቀርቷል።»